የአባዬ ስምንት መሰናክሎች

በረንዳችን ላይ ልብስ የምናሰጣበት አንድ ብረት አለ። ሁለት እግር፣ ከላይ አንድ አግዳሚ እንጨት፣ ከታች ወደ ፊት የተዘረጋ መቆሚያ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም። ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ዓይኑ ያርፍበታል። "ይሄ ደግሞ ከየት የመጣ ማስጫ ነው?" የሚል አይጠፋም፤ እኔም "የአባቴ ሥራ ነው" ብዬ ወሬ አስቀይራለሁ። ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ሁለቱ እግሮች ላይ፣ ከመሬት አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ያበጠ የብየዳ መስመር ያገኛል። ስንት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል፤ ያ መስመር ግን አልጠፋም። እዚህ ኮንዶሚኒየም ስንገባ እስከ አራተኛ ፎቅ በደረጃ ተሸክመን ያወጣነው እህቴ ዘነበች፣ ቤት ውስጥ ዘኒ የምንላት፣ "እሱ ካልሄደ እኔም አልሄድም" ብላ ስለተቀመጠች ነው። አሁን እሷ የለችም፤ ብረቱ አለ።

ልጅ እያለሁ እንዲህ ያሉ ብረቶች ስምንት ነበሩን። ቤታችን አቃቂ ነበር፤ በባቡር ሐዲዱና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አጥር መካከል ከተደረደሩት የሠራተኛ ቤቶች አንዱ። ጠዋት የሚቀሰቅሰን የፋብሪካው ጡሩንባ ነው። ወንዙ ፋብሪካው በዋለበት ቀለም ይወርድ ስለነበር፣ እኛ ልጆች "ዛሬ ቀይ ነው፣ ዛሬ ሰማያዊ ነው" እያልን እንወራረድ ነበር። የዚያ የቀለም ሽታ፣ ከባሕር ዛፉና ከጋለ ብረት ሽታ ጋር ተቀላቅሎ፣ እስከ ዛሬ ድረስ አልፎ አልፎ አፍንጫዬ ላይ ይመጣብኛል። ሌላው ሰው ይገማል ይለዋል፤ እኔን ግን ሆዴን ያባባኛል።

እማዬ የምትሠራው ፈትል ክፍል ነበር። ከሥራ ስትመለስ ፀጉሯና ቅንድቧ ላይ ጥጥ በጥጥ ሆና ነው የምትገባው። እኔና ዘኒ ግራና ቀኝ ተቀምጠን ጥጡን ከፀጉሯ ላይ እንለቅም ነበር። ጨዋታ ይመስለን ነበር። ያ ብናኝ በፀጉር ላይ ብቻ እንደማይቀር፣ ደረት ውስጥም እንደሚገባ የገባን እማዬ ደረጃ ስትወጣ መቆም፣ ስታወራ መሳል ስትጀምር ነው። እሷ ግን ሁሉንም ብርድ ነው ትል ነበር። ፋብሪካው ውስጥ አንድ ልማድ ነበር፤ ሠራተኛ በሕመም ወይም በጡረታ ሲወጣ በቦታው ልጁ ይገባል። ሰፈሩ ይህን እንደ ርስት ያየው ነበር። እማዬ ግን ዘኒን እያየች "ብናኙ በእኔ ይብቃ" ትል ነበር፤ ይህን ስትል ሳሉ እንኳ ለጊዜው ይተዋታል።

አባዬ በያጅ ነበር፤ ከመንገዱ ማዶ ባለው የብረታ ብረት ሥራ ቤት። ሰፈሩ የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን "ጋሽ ሜትር" በሚለው ቅጽል ነው። ከኪሱ የብረት ሜትር ተለይቶት አያውቅም። በር ይለካል፣ ጠረጴዛ ይለካል፣ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ እኔንና ዘኒን ከበሩ መቃን አስጠግቶ ይለካል። አንድ ቀን ዳቦ ቤት ገብቶ ዳቦው አጥሯል ብሎ ለክቶ አሳይቷል እየተባለ ይሳቅበት ነበር፤ እውነት ይሁን ውሸት እሱም አስተባብሎ አያውቅም። እኔ ግን በሜትሩ እኮራ ነበር። አባቴ ልክ ነው ካለ ነገሩ ልክ ነው፤ ዓለሜ የተሠራችው በዚህ ላይ ነበር።

ዘኒ በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች። የሰፈሩ ሴቶች ልጆች ሱዚ ስንጫወት፣ ላስቲኩን ሁለት ልጆች እግራቸው ላይ አድርገው ይወጥሩታል፤ ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ወገብ ከፍ እያለ ይሄዳል። እኛ ጉልበት ላይ ስንቀር ዘኒ ወገብ ላይ ያለውን ሳትነካው ታልፋለች። እግሯ ረጅም ነበር፤ እማዬ "የቀሚስ ጨርቅ የጨረሰች" ትላታለች። ታዲያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን ቦይ፣ ደብተሯን በእጇ እንደያዘች ዘልላ ስታልፍ አዲሱ የስፖርት መምህር ያያታል። ቲቸር ሳህሌ ይባላል፤ ቀጭን፣ ሁልጊዜ አንድ አረንጓዴ ቱታ የሚለብስ፣ ሲናገር እጁን የሚያወናጭፍ ሰው ነበር። ጠርቶ እንደገና አዘለላት። ሦስተኛ ጊዜም አዘለላት። ከዚያ እቤታችን ድረስ መጣ።

ያን ዕለት በብብቱ ስር አንድ ትንሽ መጽሐፍ ይዞ ነበር። ከእሱ በፊት የነበረው መምህር ትቶት የሄደው ነው፤ የፊት ሽፋኑና መጀመሪያዎቹ ገጾች ተቀድደው ጠፍተዋል፣ የቀረውም ቡና የፈሰሰበት ይመስል ወይቧል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የአትሌቲክስ ሕግ ነበር። ቲቸር ሳህሌ ጣቱን መስመሩ ላይ እያስኬደ ለአባዬ ተረጎመለት። የሴቶች መሰናክል ሩጫ ሰማንያ ሜትር ነው፤ መሰናክሎቹ ስምንት ናቸው፤ ከመነሻው እስከ መጀመሪያው አሥራ ሁለት ሜትር፣ ከዚያ በየስምንት ሜትሩ፤ ከፍታቸውም ሰባ ስድስት ሴንቲሜትር። አባዬ ቁጥር ሲሰማ ፊቱ እንደሚበራ አውቃለሁ። ወረቀት አምጪ አለኝ፤ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ መጻፍ ጀመረ።

ቲቸር ሳህሌ ስለዚያ ሩጫ የሚያወራውን መስማት ደስ ይለን ነበር። ድሮ በውጭ አገር ሴት ልጅ መሰናክል ከዘለለች ማኅፀኗ ይጎዳል ይባል እንደነበር፣ ሐኪሞች ሳይቀሩ ይህን እንደሚሉ፣ በኋላ ግን የወለዱ እናቶች ጭምር ሮጠው እንዳሳፈሯቸው ይነግረን ነበር። እማዬ ይህን ስትሰማ ሳቀች። "እኛ እኮ እርጉዝ ሆነን ፋብሪካ ቆመን እንውል ነበር፤ ለዚያ ሐኪም የጠራ የለም" አለች። የሰፈሩ ሰው ግን አልተዋጠለትም። በእኛ አገር ሩጫ ማለት ረጅም ነው፤ ሰው ለሃያ አምስት ዙር ሬዲዮ ከቦ ይቀመጣል እንጂ ብረት ለምትዘል ልጅ ማን ዞር ብሎ ያያል!

አባዬ ስምንቱን መሰናክሎች ከወዳደቀ ቱቦና ከተቆራረጠ ፌሮ፣ አለቃውን አስፈቅዶ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ በየዳቸው። ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ቀይና ነጭ ቀባቸው። ከባድ ነበሩ፤ ቢነኩም አይወድቁም። ቲቸር ሳህሌ ትንሽ ቀለል ቢሉ ብሎ ነበር፤ አባዬ ግን ልቅም ያለ ሥራ ወዳድ ነውና "ይሄ የሚነካ ሳይሆን የሚታለፍ ነው" አለው። እውነትም ዘኒ አንድ ሁለት ጊዜ ጉልበቷን ከላጠች በኋላ መንካት አቆመች። ለእኔም ሥራ ተሰጠኝ። አባዬ አንድ ረጅም ገመድ በሜትሩ እየለካ፣ አሥራ ሁለት ሜትር ላይ አንድ ቋጠሮ፣ ከዚያ በየስምንት ሜትሩ አንድ አንድ ቋጠሮ አሰረበት። ጠዋት ጠዋት ገመዱን ሜዳው ላይ ዘርግቼ በየቋጠሮው ላይ መሰናክል የማስቆመው እኔ ነኝ። ስሜም ከሚጡ ወደ "ገመድ ያዥ" ተቀየረ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሹመት ደግሞ አላገኘሁም።

ሁለት ዓመት እንደዚያ ሆነ። ከትምህርት በፊት፣ ጤዛው ሳይረግፍ ሜዳ እንወርዳለን። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ላሞቿን እዚያ ስለምታሰማራ አንዳንዴ ላሞቹ መሰናክሎቹ ላይ ጎናቸውን ሲያኩ እናገኛቸዋለን፤ እሷ በኦሮምኛ እየተቆጣች ታባርርልናለች፣ ከዚያ ዱላዋን ተደግፋ ቆማ ታያለች። ዘኒ ስትሮጥ የእግሯ ድምፅ ዜማ ነበረው፤ ሦስት እርምጃ፣ ከዚያ ዝምታ፣ እንደገና ሦስት እርምጃ፣ ዝምታ። ዓይኔን ጨፍኜ ስንተኛው ላይ እንደደረሰች አውቅ ነበር። ስምንተኛው ዝምታ ሲያልፍ ዓይኔን እገልጣለሁ፤ እሷም ከባሕር ዛፉ ስር ወገቧን ይዛ እየሳቀች ትታየኛለች።

ከዚያ ወሬው መጣ። የከተማው ትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ የአንድ ትልቅ ፋብሪካ ስፖርት ክለብ አሠልጣኝ መጥቶ ሴቶች ልጆች ይመርጣል ተባለ። ክለቡ የወሰዳት ደመወዝተኛ ትሆናለች፤ ሥራዋም ሩጫ እንጂ ማሽን አይደለም። እማዬ በዚያ ዓመት ከሥራ ልትወጣ ነበር፤ ደረቷ አልቻለም። በቦታዋ ዘኒ ትገባለች ወይስ አትገባም የሚለው ነገር በዚያ አንድ ሩጫ ላይ ተንጠለጠለ። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው "የሴቶች መሰናክል" የሚል ብቻ ነበር። ቲቸር ሳህሌም መጽሐፉ አለን ብሎ ርቀቱን ማንንም አልጠየቀም።

ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው እማዬን ለሕክምና መሀል ከተማ ወሰድኳት፤ ወሰድኳት ስል ቦርሳዋን ያዝኩ ማለቴ ነው፤ አሥር ዓመቴ ነበር። ስንመለስ አውቶቡስ እስኪመጣ እማዬ ስታዲየሙ አጥር ስር ተቀምጣ ትንፋሿን ስትሰበስብ እኔ በተከፈተው በር አጮልቄ አየሁ። ሴቶች ልጆች መሰናክል ይዘላሉ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆጠርኩ፤ አሥር ናቸው። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደገምኩ፤ አሥር። አንድ ትርፍ መሰናክል በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ገብቼ ተጠጋሁት። የእኛ ሜዳ ላይ ያሉት የዩኒፎርሜ ቀበቶ ጋ ነው የሚደርሱት፤ በየቀኑ ስለማቅፋቸው አውቀዋለሁ። ይሄኛው ከቀበቶዬ አልፎ የሸሚዜ ታችኛው ቁልፍ ጋ ደረሰ። ዘበኛው ሲጮህብኝ ሮጬ ወጣሁ።

ለአባዬ ነገርኩት። ማምሻውን በር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲፈታ፣ አሥር መሰናክል አየሁ፣ ከኛም ይረዝማል አልኩት። ጫማውን መፍታት አቆመ። "በምን ለካሽው?" አለኝ። በቀበቶዬ ስለው ሳቀ፤ ሳቁ ግን እስከ ዓይኑ አልደረሰም። "የወንዶቹን ነው ያየሽው። ሴቶቹም ለልምምድ ይዘሉታል። የእኛ ብረት መጽሐፉ ላይ ያለው ልክ ነው፤ እኔ በእጄ የለካሁት ነው።" ጫማውን አወለቀና "ለእህትሽ እንዳትነግሪ፤ ሦስት ሳምንት ሲቀራት ልቧን አታውኪባት። ዝም አይነቅዝም" አለኝ።

ዝም አልኩ። እኔና ዘኒ አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጀርባዋን እያየሁ ዝም አልኩ። አባዬ አስፈርቶኝ ብቻ አይደለም፤ እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ ብረቶቹ ልክ ካልሆኑ ገመዱም ልክ አይደለም፣ ገመዱ ልክ ካልሆነ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ የዘረጋሁት ስህተት ነው። የአባቴ ሜትር ይሳሳታል ብሎ ማሰብ ለእኔ ጣሪያው ይወድቃል እንደማለት ነበር። እናም የወንዶቹን ነው ያየሁት ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ልጅ ራሱን ማሳመን ሲፈልግ የሚያቅተው ነገር የለም።

የውድድሩ ዕለት አባዬ ፈቃድ ወስዶ፣ ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ መጣ። እማዬ ቤት ቀረች፤ ስትሸኘን የዘኒን ሸራ ጫማ ራሷ ነበር ያሰረችላት። ስታዲየሙ ገብተን ስንቀመጥ ሠራተኞች መሰናክል እየተሸከሙ ሜዳው ላይ መደርደር ጀመሩ። እኔ መቁጠር አልፈለግሁም። ቲቸር ሳህሌ ግን ቆጠረ። ከዚያ መጽሐፉን ከብብቱ አውጥቶ ገለጠ፣ እንደገና ሜዳውን አየ፣ እንደገና መጽሐፉን አየ። "አሥር ናቸው" አለ፤ ለማንም አይደለም የተናገረው።

አባዬ ተነሣ። ማንንም ሳያስፈቅድ ሜዳው ላይ ወርዶ፣ በኮቱ እንዳለ፣ የመጀመሪያው መሰናክል ስር ተንበረከከና ከኪሱ ሜትሩን አወጣ። ሰው ሳቀ። አንድ ዳኛ ፊሽካ እየነፋ ወደ እሱ ሮጠ። አባዬ ለክቶ ጨርሶ ሜትሩን ሲጠቀልል የብረቱ ድምፅ የተሰማኝ ይመስለኛል፤ ከዚያ ርቀት ሊሰማ እንደማይችል አውቃለሁ። ቀና ሲል ያየው ዘኒን አልነበረም፤ ቲቸር ሳህሌንም አልነበረም። እኔን ነው ያየው። ያ አስተያየት ከዚያ ቀን በኋላ ከላዬ ወርዶ አያውቅም።

ዳኛው ለቲቸር ሳህሌ የነገረው አጭር ነበር፤ የሴቶች መሰናክል መቶ ሜትር ከሆነ ቆይቷል፣ ሰማንያው የድሮ ነው። ቲቸር ሳህሌ መጽሐፉን አጥፎ ወደ ዘኒ ሄደ። "ዘነበች፣ ተይው፣ ስምሽን ላስወጣው" አላት። እሷ መሰናክሎቹን አየቻቸው፤ አንድ በአንድ። ከዚያ ከላይ ደብተር ይዞ የተቀመጠውን የክለቡን አሠልጣኝ አየች። "ስወጣስ የት ልገባ ነው ቲቸር?" አለችው። የት እንደምትገባ እሱም ያውቅ ነበር። ወደ መነሻው መስመር ሄደች።

ተኩሱ ሲሰማ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እንደ ልማዴ። የእግሯን ድምፅ ግን ከሌሎቹ መለየት አልቻልኩም፤ ዓይኔን ገለጥኩ። መጀመሪያው ላይ ዘግይታ ደረሰች፤ የእነሱ የመጀመሪያው አሥራ ሦስት ሜትር ላይ ነው፤ ከእኛ ገመድ የአንድ ሜትር ልዩነት አለዋ! ከዚያ በኋላ ግን በእያንዳንዷ እርምጃ እየተለጠጠች፣ በሰፋው ርቀት ሦስቱን እርምጃ እንደምንም እያደረሰች፣ እነዚያን ከፍ ያሉ ብረቶች እየዘለለች ሄደች። ሦስተኛው ላይ ከሁለት ልጆች ጋር እኩል ነበረች። አምስተኛው ላይ ቀደመች። ወደ ቦታው የተመለሰው አባዬ ከጎኔ "በርቺ የኔ ልጅ፣ በርቺ የኔ ልጅ" ይላል፤ ድምፁ ግን ልመና ነበር። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። እግሯ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ላይ ማቆም ነበር የለመደው። ዘጠነኛው ላይ ስትነሣ ጉልበቷ አልተነሣላትም። የእነሱ መሰናክል ሲነካ ይወድቃል፤ አብረው ወደቁ።

የጉልበቷ ሎሚ ተሰብሮ ነበር። ሦስት ወር በጄሶ ተኛች። አሠልጣኙ ሌሎች ልጆች ወሰደ፤ እሱን የሚወቅሰው የለም። ቲቸር ሳህሌ አንድ ቀን ብርቱካን ይዞ መጥቶ በር ላይ ቆሞ አለቀሰ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ሌላ ትምህርት ቤት ተቀየረ። ጄሶው ሲፈታ ዘኒ ትንሽ እያነከሰች በእማዬ ቦታ ፈትል ክፍል ገባች። የመጀመሪያው ቀን ከሥራ ስትመለስ ፀጉሯ ላይ ያለውን ጥጥ እኔ ለቀምኩላት። እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ ነበር። ሳሏ ሲመጣ ትራሷን ነክሳ ታፍነው ነበር፤ ዘኒ እንዳትሰማ ይመስለኛል።

አባዬ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተናገረም። ዘኒ በጄሶ እያለች ግን መሰናክሎቹን አንድ በአንድ በትከሻው ተሸክሞ ሥራ ቤት ወሰዳቸው። የእያንዳንዱን እግር ቆርጦ ስምንት ሴንቲሜትር ቱቦ በየደበት። ሁለት አዲስም ሠራ። ከዚያ አንድ እሑድ አሥሩንም ወደ ሜዳው መልሶ፣ ገመዱን ፈትቶ እንደገና ቋጥሮ፣ በአዲሱ ልክ አቆማቸው። ዘኒ ምርኩዟን ይዛ ከበር ላይ ታየው ነበር። እማዬ ከውስጥ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለች፤ ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ እሱ ግን የሰማ ይመስለኛል። መሰናክሎቹ ክረምቱን ሙሉ እዚያ ቆሙ። የአዴ ጫልቱ ላሞች ታከኩባቸው እንጂ ማንም አልዘለላቸውም።

ዓመታት ሄዱ። ሜዳው ላይ መጋዘን ተሠራ፤ መሰናክሎቹ አንዱ ለአጥር፣ አንዱ ለዶሮ ቤት እየሆኑ አለቁ፤ አንዱን ዘኒ አስቀረችው። አባዬ በየዓመቱ ለፋሲካ ቀለም ይቀባው ነበር። እማዬ ሞተች፣ አባዬም ተከተላት። ዘኒ አላገባችም፤ እኔን አስተማረችኝ። ዛሬ አስተማሪ ነኝ ስል በእሷ ደረት ነው የምለው። ስታነክስ ባየኋት ቁጥር ልነግራት አፌን እከፍትና "ሻይ ላፍላልሽ?" እላለሁ። ሠላሳ ዓመት ሻይ አፈላሁላት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔው ግን ውስጥ ውስጡን ነቀዘ።

አምና ከፋሲካ በፊት፣ የእማዬ ሳል በእሷም ደረት ውስጥ ጠንክሮ አልጋ ላይ ከጣላት በኋላ፣ ነገርኳት። በረንዳው ላይ አውጥቻት ብርድ ልብስ ደርባ ፀሐይ ትሞቅ ነበር። ስታዲየሙን፣ አሥሩን፣ ቀበቶዬን፣ ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ "ለምን አልነገርሽኝም?" አለችኝ፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። አባዬ ዝም በይ ብሎኝ ነው አልኳት። ያኔ ነው ፊቷ የተለወጠው። "አባዬ ያውቅ ነበር?"

ምን እንዳደረግሁ የገባኝ በዚያች ቅጽበት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዘኒ የምታውቀው አባዬ እንደ እሷው በአንድ በተቀደደ መጽሐፍ የተታለለ አባዬ ነበር። እኔ ሸክሜን ላራግፍ ብዬ አባቷን ነጠቅኳት። አያውቅም፣ ገምቶ ነው፣ የወንዶቹ መስሎት ነው እያልኩ ለመንኳት። ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ሳበች። ያን ቀን ምግብም አልቀመሰችም፤ እኔም ወጥ ቤት ቆሜ ዋልኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ሚጡ ብላ ጠራችኝ። እንደዚያ ብላ ከጠራችኝ ብዙ ዘመን ሆኗታል። ገባሁ። ዓይኗ በመስኮቱ በኩል በረንዳው ላይ ያለው ብረት ላይ ነበር።

"ስንተኛው ላይ ነው የወደቅኩት?"

"ዘጠነኛው ላይ።"

"የአባዬ ስንት ነበሩ?"

"ስምንት።"

ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅኳት። "ያን ቀን ከመጀመሪያዎቹ ስምንት አንዱን ነክቼ ነበር?"

"አንዱንም አልነካሽም።"

"በይ እንግዲህ" አለች፣ "አባዬን ሳገኘው ይህን እነግረዋለሁ። በዚያ ጸጸት ነው ብረት ሲቀባ የኖረው።" ከዚያ ሻይ ጠየቀችኝ። ሁለት ሳምንትም አልቆየችም።

ዛሬ ልጄ አሥር ዓመቷ ነው። ባለፈው ስልኬን ይዛ፣ ሴቶች መሰናክል ሲዘሉ እያየች፣ ስንት ሜትር ነው ብላ ጻፈችና ዓይኗ እርግብ ሳይል መልሱን አነበበችልኝ፤ መቶ ሜትር፣ አሥር መሰናክል፣ ሰማንያ አራት ሴንቲሜትር። ድሮ ሰማንያ ሜትር እንደነበረም ጽፎታል፤ ሴቶቹ እየፈጠኑ ሲመጡ ርቀቱ ስለጠበባቸው ነው ይላል የተቀየረው። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም ልላት ፈለግሁ። ነበር እንጂ፤ አቃቂ ውስጥ በዚያ ዘመን እውነቱን በዓይኗ ያየች አንዲት ልጅ ነበረች፣ የሚያስፈልገውም አንድ ቃል ነበር። ይህን ለልጄ ገና አልነገርኳትም፤ ሻይ ላፍላልሽ እንዳልላት ግን እፈራለሁ።

ለፋሲካ ቀለም ገዝቼ ብረቱን እኔ ቀባሁት። ብየዳው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ፤ እሱን ሳልቀባ ተውኩት። ልብስ ሳሰጣም የቀኙን ጥግ አልነካውም፤ እዚያ የዘኒ የሥራ ሽርጥ ነበር የሚሰጣው።